ድንኳን ተሸክሞ ተራራ ለሚወጣ ወጣት

በላፍቶ ሰፈር ድንኳን ሲተከል ያየ ሰው ሁለት ነገር ብቻ ያስባል፤ ወይ ሰው ሞቷል፥ ወይ ልጅ ተድሯል። ድንኳን የዕድር ንብረት ነው። ብረቱ፥ ሸራው፥ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ በመዝገብ ሰፍሮ በዕቃ ቤት ይቀመጣል፤ ሲያስፈልግ ይወጣል፥ ሲያበቃ ተቆጥሮ ይገባል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ፥ ተጠቅልሎ በጀርባዬ የተሸከምሁትን ትንሽ ድንኳን ያዩ አንዲት ጎረቤታችን፥ ነጠላቸውን ወደ ማዘቅዘቅ እያሰቡ፥ «ልጄ፥ የማን ለቅሶ ነው? ምነው ጡሩምባ ሳልሰማ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ለቅሶ አይደለም እማማ፤ ተራራ ላይ ልናድርበት ነው» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ተመለከቱኝና፥ «ቤት ሳለህ?» አሉኝ።

የዚያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። ጓደኞቼ በታክሲው አጠገብ ቆመው ይጠብቁኝ ስለ ነበር ስቄ አለፍሁ። ነገር ግን በማግሥቱ ሌሊት፥ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፥ የእርሳቸው ጥያቄ እንደ ገና ወደ ጆሮዬ ተመለሰ። እንዴት እንደ ተመለሰ ከዚህ በታች እናገራለሁ።

ዛሬ ከመካኒሳ፥ ከለቡ፥ ከጎፋም ሆነ ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ብዙ ወጣቶች የሥራውን ሳምንት ከጨረሱ በኋላ ከከተማ ወጥተው ለማደር ይሻሉ። ይህን የሚነቅፍ ሰው አላጣም፤ እኔ ግን አልነቅፈውም። አምስት ቀን ሙሉ በወረቀትና በስብሰባ ተከቦ የሚውል ሰው በስድስተኛው ቀን የጥድ ሽታ ቢያምረው ምን ያስደንቃል? ቦታውም ሩቅ አይደለም። ከላፍቶ ቆሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ ለሚመለከት የፉሪ ተራራ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ከሰበታ በላይ ወጨጫ አለ፤ ቁመቱ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። በወጨጫ ምዕራባዊ ጎን የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል፤ ጥዱን በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት እየተባለ በትውፊት ይነገራል። በጅማ መንገድ ወሊሶ ደርሶ ወደ ሰሜን ለሚታጠፍ ደግሞ ወንጪ አለ። የበዓል ዕረፍት ረዘም ያለለትና ገንዘብ ያጠራቀመ ወደ ባሌ ይዘልቃል፤ የስሜን ተራሮችንም የሚመኝ ብዙ ነው።

እንግዲህ የነገሩ ችግር ከዚህ ላይ ይጀምራል። እኛ የደጋ ልጆች ነን፥ ብርድ እናውቃለን ብለን እንመካለን። ይሁን እንጂ የምናውቀው ብርድ በግድግዳና በጣራ የተጣራውን ብርድ ነው። ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በመካከለኛ ግምት ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። በላፍቶ ሹራብ ደርበን የምናሳልፈው ሌሊት በወጨጫ ራስ ላይ ሰባት ዲግሪ ያህል ወደ ታች ይወርዳል ማለት ነው። በስሜን ያለው የጨነቅ ሰፈር ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፤ የባሌው የሳነቲ አምባ 4,000 ሜትር ይደርሳል። በእነዚህ ቦታዎች ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል፤ በጠዋት የድንኳኑ ሸራ እንደ ጣውላ ደርቆ ይገኛል። ነፋሱና ዝናቡ ገና በዚህ ላይ ሲታከል ነው።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ስድስት ሆነን ነበር የወጣነው። ሁላችንም የመንግሥት ሠራተኞች ነን፤ ከመካከላችን ተራራ ላይ ያደረ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ድንኳኖቹን የገዛነው በከተማው ውስጥ ካለ አንድ ሱቅ ነው። ሻጩ ውኃ የማያስገባ መሆኑን በልጆቹ ስም እየማለ ነገረን፤ በከረጢቱም ላይ ይኸው ቃል በትልቁ ተጽፏል። ልብሳችን እንደየፍላጎታችን ነበር። አብዛኞቻችን ጂንስ ሱሪና የጥጥ ሹራብ ለብሰን፥ ለሌሊት ደግሞ ጋቢ ይዘናል። ጋቢ ካለ ምን ይጎድላል ብለን ነበር።

የመጀመሪያው ሌሊት በደኑ ጥግ ስላደርን ደኅና አለፈ። እሑድ ዕለት ግን ወደ ተራራው አናት ወጥተን በገላጣው ሜዳ ላይ ሰፈርን፤ ሰኞ በዓል ስለ ነበር የመመለስ ችኮላ አልነበረብንም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የበልጉ ዝናብ ጀመረ። በረዶም ቀላቅሎ ወረደ። ድንኳኑ አንድ ንብርብር ብቻ ስለ ነበረ በመጀመሪያ በስፌቱ፥ ቀጥሎ በወለሉ ውኃ ያስገባ ጀመር። ጋቢዎቻችን ውኃውን እንደ ስፖንጅ ጠጥተው አንዱን ለማንሣት ሁለት ሰው እስኪያስፈልግ ድረስ ከበዱ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ከመካከላችን አንዱ፥ ከሁላችን ይልቅ ጨዋታ የሚያውቀው ጓደኛችን፥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሁላችንም እንንቀጠቀጥ ስለ ነበር ግድ አላልነውም። በኋላ መንቀጥቀጡን ተወ። «ተሻለው» ብለን ደስ አለን። ከዚያ በኋላ ግን ስናናግረው ቃላቱ ይወላገዱ ጀመር፤ የቢሮ ፋይል ቁጥር እየጠራ «ፊርማ ቀርቷል» ይለናል። እኛም በመጀመሪያ ቀልድ መስሎን ሳቅን። ይህ ሳቅ እስከ ዛሬ ድረስ ያሳፍረኛል። መንቀጥቀጥ መተው የመሻል ምልክት ሳይሆን ሰውነት ሙቀት ለመሥራት አቅም ማጣቱን የሚያሳይ መሆኑን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የእጅ መብራት ይዘን፥ ሁለት ሆነን እየደገፍነው፥ ቀን ወዳየነው የገበሬ ቤት ወረድን። «ቤት ሳለህ?» የሚለው ጥያቄ የተመለሰልኝ በዚህ መንገድ ላይ ነው። የቤቱ ባለቤት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። በራቸውን ከፍተው አንድ ጊዜ ካዩን በኋላ ምንም አልጠየቁም። እርጥብ ልብሱን አስወለቁት፤ በደረቅ የሱፍ ብርድ ልብስ ጠቀለሉት፤ ከእሳቱ ቀረብ አድርገው አስቀመጡትና ባለቤታቸው ስኳር የበዛበት ሻይ አፈሉለት። ከእኛ አንዱ ከቦርሳው ጠርሙስ አውጥቶ «አረቄ ይሻለዋል» ቢል፥ ሽማግሌው እጁን ይዘው መለሱት። በኋላ አንድ ሐኪም ዘመዴን ብጠይቀው ትክክል መሆናቸውን ነገረኝ። አረቄ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል፤ በውስጥ የቀረው ሙቀት ግን እየወጣ ያልቃል። እጅና እግሩንም ማሸት እንደማይገባ፥ መሞቅ ያለበት በመጀመሪያ ደረቱና ሆዱ መሆኑን አስረዳኝ። ጓደኛችን ንጋት ላይ ስሙን በትክክል ጠራ። ዛሬ ደኅና ነው፤ ጨዋታውንም አልተወም።

ከተመለስሁ በኋላ ነገሩ ስላልወጣልኝ መጻሕፍት አገላበጥሁ፤ አዋቂዎችንም ጠየቅሁ። የተማርሁትን እነሆ።

ከሁሉ አስቀድሞ የልብስ ነገር ነው። ውኃ ከአየር ይልቅ ሙቀትን ከ20 ጊዜ በላይ ፈጥኖ ያስተላልፋል። ልብስ የሚያሞቀን በክሮቹ መካከል አየር አስሮ ስለሚይዝ ነው፤ ክሩ በውኃ ከተሞላ ግን አየሩ ይወጣና ልብሱ ራሱ ሙቀታችንን የሚጠባ ይሆናል። ጥጥ ውኃ ወዳድ ነው፤ ቶሎ ይጠጣል፥ ቶሎ አይደርቅም። ጋቢያችን በደረቅ ብርድ፥ በቤት፥ በመንገድም ላይ እጅግ የተመሰገነ ልብስ ነው፤ በዝናብ ግን ጠላት ይሆናል። ጂንስም እንዲሁ ነው። ሱፍ ግን የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ቢጠጣ እንኳ ሲነኩት የረጠበ አይመስልም፥ ክሩ የተጠቀለለ ስለ ሆነ አየሩን ጨርሶ አይለቅም። ሽማግሌው ገበሬ ይህን ሳይነግሩኝ አሳዩኝ።

አባቶቻችንም ቢሆኑ ያውቁት ነበር። የመንዝ ሰው በግ አርብቶ፥ ጠጉሩን ሸልቶ፥ ባናና ዝተት የሚሠራው ለጌጥ አይደለም፤ አገሩ ብርድ ስለ ሆነ ነው። ጥቁሩ በርኖስ በትከሻ ላይ ሾጠጥ ብሎ የሚሰፋው መኳንንት እንዲያምሩበት ብቻ ይመስለን ነበር። ነገር ግን የሱፉን ጥብቀት የነካ ሰው ዝናብ ሲወርድበት ውኃው ወደ ታች እንደሚንሸራተት ያያል። እረኛው ደግሞ በርኖስ ቢያጣ ከሣር ወይም ከሰሌን የተሠራ ገሳ ደርቦ ክረምቱን ሙሉ ከከብቶቹ ጋራ ይውላል። ገሳ ጎንበስ ያለን ሰው ከራሱ እስከ ወገቡ ይሸፍናል፤ ነፋስ ከሥር ስለሚገባ ላብ አያፍንም። ዛሬ የውጭ አገር ፋብሪካዎች ውኃ የማያስገባ፥ ላብን ግን የሚያስወጣ ጨርቅ ሠራን ብለው በብዙ ገንዘብ የሚሸጡት ይህንኑ ሐሳብ ነው። ጎርቴክስ የሚባለው ጨርቅ መነሻ የሆነው ግኝት በአሜሪካ በ1962 ዓ.ም. መጀመሪያ የተገኘ ነው። እኔ ፈጠራውን አላናንቅም፤ ገሳ ለብሶ ገደል ለመውጣት የሚሞክር ቢኖር እጁንም እግሩንም ማግኘት ይቸግረዋል።

ሱፍ የአሮጌ ሰው ልብስ ነው ለሚል አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዛዊው ማሎሪ በሰኔ ወር 1916 ዓ.ም. በኤቨረስት ተራራ ላይ ሲጠፋ ለብሶ የነበረው ሐር፥ ሱፍና ጋባርዲን ነበር። ያ ወቅት የኛው አልጋ ወራሽ ልዑል ተፈሪ መኰንን አውሮጳን ይጎበኙ የነበረበት ነው። አስከሬኑ በ1991 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ የልብሱ ቅጂ ተሠርቶ በ1998 ዓ.ም. በዚያው ተራራ ላይ ተሞከረ፤ ልብሱም ቀላልና የሚያሞቅ ሆኖ ተገኘ። ቁም ነገሩ መደራረቡ ነው። ከቆዳ አጠገብ ላብን የሚያሳልፍ ስስ ነገር፥ ከዚያ ላይ አየር የሚይዝ ሱፍ ወይም ፍሊስ የሚሉት ለስላሳ ጨርቅ፥ ከሁሉ በላይ ነፋስና ዝናብ የሚከለክል ጃኬት ይለበሳል። በሳልቫጅ ተራ የሱፍ ሹራብ ፈልጎ ማግኘት አያስቸግርም። በአንገቱ ውስጥ ያለውን ምልክት አንብቡ፤ ጥጥ ከሆነ በቅናሽም ቢሰጧችሁ ለዚህ ጉዳይ አትግዙት።

ቀጥሎ ጫማ ነው። ስለ ጫማ ሲነሣ አበበ ቢቂላን አለማስታወስ አይቻልም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ዓለም ተደነቀ፤ እኛም በጀግንነቱ እንኮራለን። ይሁን እንጂ ታሪኩን በደንብ ለሚያጠና፥ በባዶ እግሩ የሮጠው የቀረበለት አዲስ ጫማ እግሩን ስለ ነካው እንደ ሆነ ይነገራል። አበበ በባዶ እግር ልምምድ ያደርግ ስለ ነበር የሚያውቀውን ተራቆተ እግር ከማያውቀው ጫማ መረጠ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ግን ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ እንደ ገናም አሸነፈ። እንግዲህ ባዶ እግር የአሸናፊነት ምክንያት ነበር የሚሉ ሰዎች ይህን ሁለተኛውን ድል ይረሱታል።

የኛ ጉዳይ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት፥ አዲስ ጫማ ገዝቶ በማግሥቱ ተራራ መውጣት እንደማይገባ ነው። ጫማ ወደ ማታ ይገዛ፤ እግር ውሎ ያብጣልና። የምትጓዙበትን ወፍራም ካልሲ ይዛችሁ ሄዳችሁ ለኩት። አውራ ጣታችሁ ከፊቱ ጋራ ሳይነካካ የአንድ የእጅ ጣት ስፋት ያህል ይትረፍ፤ ቁልቁለት ሲወርዱ ጥፍር የሚያወልቀው ይህ ቦታ ሲጠብ ነው። ተረከዙ ግን ከጫማው ውስጥ አይነሣ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቢሮ አድርጋችሁት ሂዱ። የክፍል ኃላፊው ምን ትላላችሁ እንደሚለን ዐውቃለሁ፤ እኔንም ብሎኛል። ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን የቆዳ ጫማ ከሆነ የአገራችን ጫማ ሠሪዎች ሥራ ከውጭ ከሚመጣው ብዙ ርካሽ ዕቃ ይሻላል፤ ሶሉ ግን ጥርስ ያለው ጎማ ይሁን። በእርጥብ ሣር ላይ ልሙጥ ሶል ያደረገ ሰው መንገዱን የሚጨርሰው ተቀምጦ ነው።

ወደ ድንኳን እንመለስ። እኛ ኢትዮጵያውያን የድንኳን ሰዎች ነበርን። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ ነገሥታቱ ረዥሙን ጊዜ የሚኖሩት በሚዘዋወር ሰፈር ነበር፤ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው የፖርቱጋሉ ቄስ አልቫሬዝ ያየው ከተማ የድንኳን ከተማ ነው። ታዲያ ከዚያ ትውልድ የተወለድን እኛ አንድ ሌሊት ዝናብ ውስጥ ድንኳን መትከል አቃተን።

የኛ ድንኳን ጥፋት ሦስት ነበር። መጀመሪያ፥ አንድ ንብርብር ብቻ ነው። ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ሸራ ሲነካ ውኃ ይሆንና ተመልሶ በራሱ ላይ ይንጠባጠባል። ደኅና ድንኳን ውስጡ ስስ፥ ውጭው ውኃ የማያስገባ፥ በመካከላቸው ክፍተት ያለው ሁለት ንብርብር ነው። ሁለተኛው፥ ስፌቱ በውስጥ በኩል በሙጫ ወይም በፕላስተር አልተሸፈነም። ሦስተኛው፥ «ውኃ አያስገባም» የሚለው ጽሑፍ ቁጥር አልነበረውም። ደኅና ሠሪዎች በሚሊ ሜትር ቁጥር ይጽፋሉ፤ ትርጓሜውም በጨርቁ ላይ የዚያን ያህል ቁመት ያለው የውኃ ዓምድ ቢቆም እስኪያስገባ ድረስ ይችላል ማለት ነው። ለጣራው ከ1,500 እስከ 3,000 የሚደርስ፥ ሰው ተኝቶ ለሚጫነው ወለል ደግሞ ከዚያ በላይ ያለው ይሻላል። ቁጥር ካልተጻፈበት፥ ሻጩ በማን ልጅ ስም ቢምል አትመኑት።

ድንኳኑን ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ተክላችሁ ባልዲ ውኃ አፍሱበት። ግቢ ያለው በግቢው፥ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ደግሞ በኮሚናሉ አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ይህን ማድረግ ይችላል። የሰፈሩ ሕፃናት ይሰበሰባሉ፤ ይሰብሰቡ። በጀሞ ስንሞክር አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ካስማውን ወደ ውጭ አዘንብለን መምታት እንደሚገባን አሳየን፤ አባቱ የዕድር ድንኳን ተካይ ኖሯል።

ስለ መኝታ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከላይ ስለሚለብሰው ብቻ ስለሚያስብ ነው። ብርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከመሬት ነው። ሰው ሲተኛ ከሥሩ ያለው ልብስ በክብደቱ ስለሚታመቅ አየር አይቀርበትም፤ ስለዚህ ከሥር የማይታመቅ ነገር ያስፈልጋል። አያቶቻችን ጀንዲ ዘርግተው በላዩ አጎዛ የሚያነጥፉት ለዚህ ነበር። ዛሬ ቀለል ያለ የስፖንጅ ምንጣፍ ተጠቅልሎ በቦርሳ ላይ ይታሰራል፤ ዋጋውም ከሌላው ዕቃ ሁሉ የሚቀል ነው። እርሱን ትቶ ውድ ስሊፒንግ ባግ የሚገዛ ሰው ጣራ ሳይሠራ መጋረጃ እንደሚገዛ ነው።

ስሊፒንግ ባጉን ስትገዙ በላዩ የተጻፉትን የሙቀት ቁጥሮች ተጠንቅቃችሁ አንብቡ። ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው። አንደኛው ሰው በምቾት የሚተኛበት፥ ሁለተኛው ተጠቅልሎ እየተቸገረ የሚያድርበት ወሰን፥ ሦስተኛው ደግሞ እንዳይሞት ብቻ የሚረዳበት ነው። ነጋዴ በትልቅ ፊደል የሚያሳያችሁ ሦስተኛውን ነው። እናንተ የምትገዙት በመጀመሪያው ቁጥር ይሁን። ለወጨጫና ለወንጪ ዜሮ ዲግሪ የሚል ይበቃል፤ ለስሜንና ለባሌ ከዜሮ በታች አምስት ያህል የሚል ያስፈልጋል። በውስጡ የወፍ ላባ ያለበት ቀላልና በጣም የሚያሞቅ ነው፤ ከረጠበ ግን እንደ ረጠበች ዶሮ ይሆናል። ዝናብ ለማይለየው አገራችን ሰው ሠራሹ ቢከብድም ይመረጣል ባይ ነኝ።

ስለ ስንቅ ብዙ አልናገርም፤ በዚህ ነገር እኛን የሚያስተምር የለም። በሶ፥ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎና ጭኮ የያዘ ሰው የፈረንጅ ቆርቆሮ መሸከም አያስፈልገውም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ከፍታ ሲጨምር ውኃ ቶሎ ይፈላል፥ ፍላቱ ግን ያን ያህል አይሞቅም። በ3,600 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ምስርና ባቄላ ልቀቅል ያለ እስከ እኩለ ሌሊት ይጠብቃል። የምንጭ ውኃ ግን እዚያም ቢሆን አፍልቶ መጠጣት ይገባል፤ ጀርሙን ለመግደል ሙቀቱ ይበቃል። ለማገዶ ብሎ በመናገሻም ሆነ በብሔራዊ ፓርክ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ካለ፥ ከእኔ ጋራ አይሂድ።

ሌላው ስልክ ነው። የሰፈራችን ስም ነፋስ ስልክ የተባለው ያለ ሽቦ በአየር የሚሄደውን መልእክት አባቶቻችን የነፋስ ስልክ ብለው ስለ ጠሩት ነው። የነፋስ ስልክ ልጆች ሆነን ሳለ በዚያ ሌሊት በገደሉ ሥር ስድስታችንም በኪሳችን ያለው ስልክ መረብ አላገኘም ነበር። የት እንደምትሄዱ፥ በየትኛው መንገድ እንደምትመለሱ፥ በስንት ሰዓት ካልመጣችሁ ፍለጋ እንደሚጀመር ለአንድ ለቤት ሰው በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። የአገሩን ፀጥታም አስቀድማችሁ ከአካባቢው አስተዳደር ጠይቁ። ይልቁንም በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ወደ ተመዘገበው ወደ ስሜን የሚያስብ ሰው መንገዱን ሳያጣራ ከቤቱ አይነሣ። በዚያ ፓርክ ደንቡ መሣሪያ የያዘ ጠባቂ ይዞ መጓዝ ነው፤ ጭነቱን ደግሞ በቅሎ ትሸከማለች። በቅሎ የሌለበት ቦታ የሚሄድ ሰው ከክብደቱ አንድ አምስተኛ በላይ አይሸከም፤ ቦርሳውም በወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ይኑረው።

አሁን የምትጠይቁኝን ዐውቃለሁ። ይህን ሁሉ በየትኛው ደመወዝ? እውነት ነው፤ ይህ ዕቃ አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ስለ ሆነ ለጀማሪ ሠራተኛ ከአቅም በላይ ነው፤ ለተማሪማ አይነገርም። እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ስድስታችን እቁብ ገባን። ዕጣ የደረሰው በመጀመሪያ ጫማ ይገዛል፤ ሁለተኛ ዙር ሲደርሰው የዝናብ ጃኬት፥ ሦስተኛ ዙር ስሊፒንግ ባግ። ድንኳን የሁላችን የጋራ ስለ ሆነ በመጨረሻ ነው የገዛነው፤ ሁለት ድንኳን ለስድስት ሰው ይበቃል። በዚህ ቅደም ተከተል የተከራከረን ነበር፤ ያ የታመመው ጓደኛችን ግን «ድንኳን ሌላ ሰው ያበድራችኋል፤ እግር የሚያበድራችሁ የለም» ብሎ ክርክሩን ዘጋው። ዕቃው የሚቀመጠው በእኔ ቤት ነው፤ እንደ ዕድር መዝገብ አለው፥ ሲወጣም ሲገባም ይፈረምበታል።

በሚመጣው ወር ወደ ወንጪ ልንሄድ ተሰናድተናል። ባለፈው ቅዳሜ ድንኳኑን በግቢያችን ውስጥ አስጥቼ ሳደርቅ፥ እኚያ ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። የዚያን ሌሊቱን ነገር ከእናቴ ሰምተው ኖሮ፥ «ደግሞ ልትሄዱ?» አሉኝ። አዎን ብላቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ገቡ። ተቆጥተው መስሎኝ ነበር። ጥቂት ቆይተው ግን በክንዳቸው ላይ አንድ ጥቁር በርኖስ ታቅፈው ተመለሱ፤ የሟች ባለቤታቸው ነው፥ ከሣጥን እንደ ወጣ የብርጉድ ሽታ ይሸታል።

«ዝናብ ቢመታው ምንም አይለኝ» አሉ፤ «እሳት አጠገብ ግን እንዳትሰቅለው።»

በመዝገቡ ላይ ላስፈርማቸው ብል ተቆጡኝ።